መቼ እንዝራ?

እኛ የቆቦ አካባቢ ገበሬዎች ዘር በእጃችን ይዘን ሰማይ ሰማይ እናያለን። ዝናብ ጀምሮ ካቋረጠ የሚጠፋው ዘሩ ብቻ አይደለም። የበሬው ድካምና የቤተሰቡ የዓመት ቀለብ አብሮ ይጠፋል።

የአየር ጠባይ የሚከታተል መሥሪያ ቤት በአገራችን ራሱን ችሎ የቆመው በ1973 ዓ.ም. ነው። ዛሬ የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ይባላል። በልግና ክረምት ሊገቡ ሲሉ ዝናቡ ከተለመደው በላይ፣ እንደተለመደው ወይም ከተለመደው በታች ሊሆን እንደሚችል ይናገራል። ከዚያም በየ10 ቀኑ ምክር ያወጣል።

«ታዲያ ቀኑን ቆርጦ ለምን አይነግረንም?» የሚል አለ። እውነት ነው፤ አይነግረንም። ትንበያ እንደ ሚዛን ነው። የትኛው ወገን እንደሚከብድ ያሳያል እንጂ ቃል አይገባም።

በ2007 ዓ.ም. በሩቁ የፓስፊክ ውቅያኖስ ውሃው ከልክ በላይ ሞቀ። ይህ ኤልኒኞ ይባላል። የእኛን ክረምት አደከመው። በልጉም አስቀድሞ ተበላሽቶ ነበር። በተከታዩ ዓመት ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው እርዳታ ፈለገ።

ምክሩ በጣም የሚጠቅመን ዘር ስንመርጥ ነው። በልጉ ደህና ከጣለ ዘግይቶ የሚደርሰውን ማሽላ በሚያዝያ እንዘራለን። አገዳው ለከብትም ለማገዶም ይሆናል። በልጉ ከቀረ ግን ያንኑ ዘር በሰኔ መጨረሻ ብንዘራው ሳያፈራ ዝናቡ ይወጣል። ያን ጊዜ ቶሎ የሚደርስ ማሽላ ይሻላል። ያም ካለፈ በሐምሌ ጤፍ፣ በነሐሴ መጨረሻ በጥቁር አፈር ላይ ሽምብራ እንዘራለን። እርግጥ ምክሩ ደርሶን ዘሩ በጊዜው ካልመጣ ምን ዋጋ አለው? ይህን የልማት ሠራተኛውን ቀድመን መጠየቅ አለብን።

የመጀመሪያው ዝናብ ያታልላል። አንድ ቀን ጥሎ ብዙ ቀን ይጠፋል፤ ቡቃያው ይደርቃል። ስለዚህ መሬቱን ቆፈር አድርገን እናያለን። የራሰው ላይ ላዩ ብቻ ከሆነ የመጪውን 10 ቀን ምክር እስክንሰማ እንቆያለን።

በሬዲዮ «20 ሚሊ ሜትር ዘነበ» ሲባል ርዝመቱም ወርዱም አንድ ሜትር በሆነ መሬት ላይ 20 ሊትር ውሃ ወረደ ማለት ነው። አንድ ትልቅ ጀሪካን ሙሉ ነው።

ዝናቡ ሊያንስ ይችላል ሲባል በትልሙ ውስጥ በየመሃሉ አፈር እንከልልና ውሃውን እናቆማለን። ሊበዛ ይችላል ሲባል ግን ክልሉን እንከፍተዋለን። አለዚያ ውሃው ተኝቶ ማሽላውን ቢጫ ያደርገዋል።