የሚዛኑ ቁጥር የማያሳየው ጡንቻ

በቨርጂኒያ ግዛት፣ አርሊንግተን ቡሌቫርድና ሊስበርግ ፓይክ በሚገናኙበት ሴቨን ኮርነርስ፣ ኢትዮጵያውያን ወዳጆች ከቆይታ በኋላ ሲተያዩ «ወፈርክሳ፤ ተመችቶሃል!» መባባላቸው የተለመደ ነው። የከሳው ግን «ምነው፣ ምን ነካህ?» ይባላል። የጨጓራ ካንሰር ቀዶ ሕክምና ለሚጠብቀው ሰው ይህ የዓይን ግምት አሳሳች ነው። ሰውነቱ የሞላ ታማሚ ከስቡ ሥር የመነመነ ጡንቻ ሊኖረው ይችላልና።

የጡንቻ መጠንና ጉልበት መቀነስ በሕክምናው ዓለም «ሳርኮፔኒያ» ይባላል፤ «ሥጋ» እና «እጦት» ከሚሉ የግሪክ ቃላት የመጣ ስያሜ ነው። ዕድሜ ዋነኛ መንስኤው ቢሆንም የጨጓራ ካንሰር ያፋጥነዋል። ዕጢው የምግብ ፍላጎትን ይቀንሳል፤ በጥቂት ጉርሻ ያጠግባል፤ የሚቀሰቅሰው የሰውነት መቆጣትም ጡንቻን ይበላል። እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ዙሪያ ወደ 970 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች በዚህ ካንሰር እንደተያዙ፣ ወደ 660 ሺህ የሚጠጉት ደግሞ ሕይወታቸውን እንዳጡ ይገመታል።

በቀዶ ሕክምናው ጨጓራው በከፊል ወይም ሙሉ በሙሉ ይወጣል፤ በዙሪያው ያሉ የሊምፍ ዕጢዎችም አብረው ይወገዳሉ። ሰውነት ቁስሉን ለመጠገንና ኢንፌክሽንን ለመከላከል የሚያስፈልገውን ፕሮቲን ከጡንቻ ይበደራል። ጎተራው ባዶ ከሆነ ማገገም ይዘገያል። የመተንፈሻ ጡንቻዎች ሲደክሙም ታማሚው አክታውን ማውጣት ይሳነውና ለሳንባ ምች ይጋለጣል። በርካታ ጥናቶች ሳርኮፔኒያን ከቀዶ ሕክምና በኋላ ከሚመጡ ችግሮች፣ ከረጅም የሆስፒታል ቆይታና ከዕድሜ ማጠር ጋር ያያይዙታል።

በሆድ ዕቃ ውስጥ የተከማቸ ስብ በበኩሉ የደም ሥሮችንና የሊምፍ ዕጢዎችን ይሸፍናል፤ ሥራውን ያረዝማል፤ የሚፈሰውንም ደም ያበዛል። ሆኖም ውፍረት ብቻውን ሁልጊዜ ዕድሜ አያሳጥርም፤ መጠነኛ ውፍረት ስንቅ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ይበልጥ የሚያሰጋው ሁለቱ ሲደራረቡ፣ ማለትም ስቡ በዝቶ ጡንቻው ሲሳሳ ነው። ይህን የቤት ሚዛን አይለየውም።

ምርመራው ግን ሩቅ አይደለም። የካንሰሩን ደረጃ ለማወቅ የሚነሣው ሲቲ ስካን፣ በሦስተኛው የወገብ አከርካሪ አጥንት አንጻር ያለውን ጡንቻ ለመለካትም ያገለግላል። በአውሮፓ ባለሙያዎች መመዘኛ የእጅ ጭብጥ ኃይሉ ከ27 ኪሎ በታች የሆነ ወንድ ወይም ከ16 ኪሎ በታች የሆነች ሴት፣ እንዲሁም ከወንበር አምስት ጊዜ ለመነሣት ከ15 ሰከንድ በላይ የሚፈጅበት ሰው ተጨማሪ ምርመራ ያሻዋል።

ክፉኛ የተጎዳ ታማሚ፣ ቀዶ ሕክምናው ለሌላ ጊዜ ቢተላለፍ እንኳ፣ ከ7 እስከ 14 ቀናት የምግብ ድጋፍ እንዲያገኝ የአውሮፓ የሥነ ምግብ መመሪያ ይመክራል። በቂ ፕሮቲንና ከአቅም ጋር የተመጣጠነ የጡንቻ እንቅስቃሴም ይረዳሉ። ወፍራሙ ታማሚ ኪሎ ለመቀነስ ብሎ ራሱን ቢያስርብ ከስቡ ጋር ጡንቻውንም ያጣል። ጾመኛ የሆነ ታማሚም ጉዳዩን ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ጋር ቢመክርበት መልካም ነው።

እንግዲህ ለቀዶ ሕክምና የተቀጠረ ሰው ሐኪሙን «ስንት ኪሎ ነኝ?» ብሎ ብቻ አይመለስ፤ «ጡንቻዬስ እንዴት ነው?» ብሎም ይጠይቅ።