«ፈሳሽ» መንጃ ፈቃድ ለምን ተለየ?

በአገራችን የጭነት መኪና መንጃ ፈቃድ «ደረቅ» እና «ፈሳሽ» ተብሎ ይመደባል። የሁለቱ መኪኖች ክብደት እኩል ሊሆን ይችላል፤ ታዲያ ልዩነቱ ለምን አስፈለገ? መልሱ ያለው በፊዚክስ ውስጥ ነው።

በነቀምቴ፣ በጊምቢና በመንዲ በኩል ወደ አሶሳ የሚጓዝ የነዳጅ ቦቴ እንውሰድ። ቤንዚን ሙቀቱ 1 ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር ይዘቱ ከሺህ አንድ እጅ ያህል ያድጋል። 40,000 ሊትር ቤንዚን በጉዞው ላይ በ15 ዲግሪ ቢሞቅ 600 ሊትር ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ ቦቴው እስከ አፉ አይሞላም።

ይህ ክፍት ቦታ ግን ፈሳሹ እንዲናወጥ ዕድል ይሰጠዋል። ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ ነዳጁ በኢነርሺያ ወደ ፊት ይገፋል፤ በኩርባ ላይ ደግሞ ወደ ውጭ ያጋድላል፤ የስበት ማዕከሉም አብሮት ይሸሻል። ግማሹን ያራገፈ ቦቴ ሲሆን ንውጥውጡ ይበረታል። በታንከሩ ውስጥ ያሉት ቀዳዳ ያላቸው ግድግዳዎች የፊትና የኋላውን ማዕበል ይሰብራሉ፤ የጎኑን ግን እምብዛም አይገቱም።

በኩርባ ላይ ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል ከፍጥነት ካሬ ጋር ያድጋል። ፍጥነትን በሰዓት ከ60 ወደ 30 ኪሎ ሜትር መቀነስ ኃይሉን ወደ ሩብ ያወርደዋል፤ መቀነስ የሚገባውም ኩርባው ከመድረሱ በፊት ነው። የቦቴ ሾፌር ተለይቶ የሚሠለጥነው ይህን ልማድ እንዲያዳብር ነው፤ የሚገለበጠው ነዳጅ ነውና።