የተዘጋ ቆሻሻ መጣያ መናፈሻ ከመሆኑ በፊት

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም ምሽት በአዲስ አበባ ከተማ በተለምዶ «ቆሼ» በሚባለው ስፍራ የቆሻሻው ተራራ ተናደ። በግርጌው የነበሩ ቤቶች ተቀበሩ፤ ከ110 በላይ ሰዎችም ሕይወታቸውን አጡ። ክምሩ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የከተማዋ ደረቅ ቆሻሻ ሲደፋበት የኖረ ነው።

ከተሞች በሰፉ ቁጥር ቀድሞ ከዳርቻቸው የነበሩ ቆሻሻ መጣያዎች በመኖሪያ ሰፈሮች መካከል እየገቡ ነው። ነዋሪው ስፍራው ተዘግቶ መናፈሻ ወይም የልጆች መጫወቻ እንዲሆን መመኘቱ ተገቢ ነው። ስህተቱ የሚጀምረው አፈር አልብሶ ችግኝ መትከል ብቻውን ሥራውን የሚጨርስ ሲመስል ነው።

በክምሩ ውስጥ የተቀበረው የምግብ ትርፍራፊ፣ ቅጠላ ቅጠልና ወረቀት አየር በሌለበት ሲበሰብስ ጋዝ ያመነጫል። የዚህ ጋዝ ግማሽ ያህሉ ሜቴን ነው። ሂደቱ ስፍራው ከተዘጋ በኋላም ለአሥርት ዓመታት ይቀጥላል። መውጫ ያጣ ሜቴን በአፈር ውስጥ ወደ ጎን ተጉዞ በአቅራቢያው ባለ ቤት ወይም ጉድጓድ ሊጠራቀም ይችላል፤ በአየር ውስጥ ያለው መጠን ከ5 እስከ 15 በመቶ በሚሆንበት ጊዜ እሳት ካገኘ ይፈነዳል። በሥሮች ዙሪያ ያለውን ኦክስጅን ስለሚያስወጣም ችግኞችን ያደርቃል። በተሸፈነ መጣያ ላይ ዝናብ እያለ ቦታ ቦታ ለይቶ የሚደርቅ ሣር የጋዝ ምልክት ሊሆን ይችላል።

ሌላው ጉዳይ ውኃ ነው። የክረምቱ ዝናብ ወደ ክምሩ ሲሰርግ ክብደቱን ይጨምራል፣ ትስስሩን ያላላል፤ በመጨረሻም ጥቁር ፍሳሽ ሆኖ ወደ ጅረትና ወደ ከርሰ ምድር ውኃ ይወርዳል። ስለዚህ የመሸፈኛው አፈር ውኃ የማያሳልፍ፣ ገጹም ዝናቡን ወደ ቦይ የሚያወርድ ሊሆን ይገባል። እዚህ ላይ አርሶ አደሩ ከባለሙያው ባልተናነሰ የሚያውቀው ነገር አለ፤ ዋልካ አፈር በክረምት ውኃ ቢይዝም በበጋ ይሰነጠቃል። በአቅራቢያ ስለተገኘ ብቻ ዋልካን መሸፈኛ ማድረግ ለጋዙም ለቀጣዩ ዝናብም በር መክፈት ነው። ባሕር ዛፍ መትከልም አያዋጣም፤ ውኃ መጣጭ በመሆኑ አፈሩን ይበልጥ ያደርቃል። መሸፈኛው ስስ በሆነበት ስፍራ ሥሩ ጥልቅ ያልሆነና ጥቅጥቅ ብሎ የሚበቅል ሣር ይመረጣል።

ይህ ሁሉ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ የኒው ዮርኩ ፍሬሽ ኪልስ ያሳያል። 890 ሄክታር ገደማ ስፋት ያለው ይህ ስፍራ እ.ኤ.አ. በ1948 ሥራ ጀምሮ በ2001 ቆሻሻ መቀበል አቆመ። ክምሮቹ በአፈር፣ ውኃ በማያስገባ ፕላስቲክና በማንጣፈፊያ ንጣፍ ተሸፈኑ፤ ጋዙም በቧንቧ ተሰብስቦ ለቤቶች ማገዶ እንዲሆን ተደረገ። በዙሪያው ትናንሽ መጫወቻዎች ቀድመው ቢከፈቱም፣ ከቀድሞው መጣያ ግቢ ውስጥ የመጀመሪያው የመናፈሻ ክፍል ለሕዝብ የተከፈተው በ2023 ነው። ስፋቱም 8.5 ሄክታር ያህል ብቻ ነው። ያንን ያህል ገንዘብ ያለው ከተማ ከሃያ ዓመት በላይ ከወሰደበት፣ የእኛ ከተሞች በአንድ የክረምት ተከላ ይጠናቀቃል ብለው ማሰባቸው ሊታረም ይገባል።

የአቅም ማነስ ግን ሁሉንም መንገድ አይዘጋም። ከቆሼ አደጋ በኋላ በጃፓን መንግሥት ድጋፍና በዩኤን ሀቢታት አማካኝነት ሥራ ላይ የዋለው የፉኩኦካ ዘዴ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ቀዳዳ ያላቸው ቧንቧዎች በድንጋይ ተከበው ይዘረጋሉ፤ ፍሳሹ በእነርሱ ሲወጣ አየር ይገባል። አየር ያገኘ ቆሻሻ ፈጥኖ ይበሰብሳል፣ የሚያመነጨው ሜቴንም ይቀንሳል። የክምሩን ቁልቁለት ማስተካከልም የዚሁ ሥራ አካል ነው።

መዝጋት ራሱ ምትክ ስፍራ ይፈልጋል። በ2008 ዓ.ም በሰንዳፋ የተከፈተው አዲስ ማስወገጃ በአካባቢው አርሶ አደሮች ተቃውሞ ሲቋረጥ ቆሻሻው ተመልሶ ቆሼ ተደፋ። አደጋው የደረሰው በተከታዩ ዓመት ነው። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 የማስወገጃ ስፍራ ባለቤት በአገልግሎት ዘመኑም ሆነ ከተዘጋ በኋላ ለሚደርስ ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን ይደነግግ ነበር። ከምረቃ በኋላ ጋዙንና ፍሳሹን ማን፣ በየስንት ጊዜው እንደሚለካ ነዋሪው መጠየቅ ይችላል። መሬቱ እኩል ባልሆነ ሁኔታ ስለሚሰምጥ ሣርና የእግር መንገድ ሲስማሙት፣ ቤትና ከባድ ግንባታ አይስማሙትም።

በአቅራቢያው ለሚያርሱ ደግሞ የተለየ ማስጠንቀቂያ አለ። ከአሮጌ ቆሻሻ መጣያ የሚቆፈር ጥቁር አፈር ለም ይመስላል፤ ሰብሉም መጀመሪያ ላይ ያምራል። ከባትሪና ከብረታ ብረት የወጡ እርሳስና ካድሚየም ግን በአፈሩ ውስጥ ይቀራሉ፤ በተለይ ካድሚየምን ሰላጣና ቆስጣን የመሰሉ ቅጠላ ቅጠሎች በቀላሉ ይስባሉ። ከብትም በዚያ ባይሰማራ ይመረጣል፤ የተጋለጠ ፌስታል የሚውጥ ከብት ጨጓራው ተዘግቶ ይሞታል። በየቤቱና በየገበያው ተለይቶ ከተሰበሰበ ትርፍራፊ የሚዘጋጅ ኮምፖስት ግን ባትሪና ብረታ ብረት ካልተቀላቀለበት ያለ ስጋት ለማሳ ይውላል።