የእህትማማችነት ምናባዊ ልቦለድ፦ ከእስያ ተረቶች እስከ ዱከም ዙሪያ ሥነ ቃል

የአፍላ ወጣቶች ምናባዊ ልቦለድ፣ በተለምዶ ፋንታሲ የሚባለው፣ ዋና ገጸ ባሕርያቱ ከልጅነት ወደ ጉልምስና በሚሻገሩበት ዕድሜ ላይ የሚገኙ፣ የሚኖሩበት ዓለም ደግሞ ድግምትን፣ መናፍስትንና ተናጋሪ እንስሳትን እንደ ነባር ነዋሪ የሚያስተናግድ የድርሰት ዘርፍ ነው። ዘርፉ ለረጅም ጊዜ የአውሮፓን አፈ ታሪኮች ዋና ምንጩ አድርጎ ቢቆይም፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የዘር ሐረጋቸው ከእስያ የሚመዘዝ ሴት ደራስያን የአያቶቻቸውን ተረት ይዘው ገብተውበታል። ግሬስ ሊን በ2009 እ.ኤ.አ. የቻይናን ተረቶች በአንዲት ድሃ ልጅ ጉዞ ላይ እየሰካች ያቀረበች ሲሆን፣ ኤሊዛቤት ሊም በ2021 እ.ኤ.አ. ወንድሞቿ በእንጀራ እናታቸው እርግማን ወደ ወፍነት የተለወጡባትን ልዕልት፣ ከጃፓን ተረት በተወሰደ የእንጨት ሳሕን ራሷን ሸፍና እንድትንከራተት አድርጋለች። በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሱ ሊን ታን የቻይናን የጨረቃ እመቤት ልጅ፣ አክሲ ኦ ለዓይነ ስውር አባቷ ስትል ወደ ባሕር የተወረወረችውን የኮሪያ ልጃገረድ ታሪክ ለየልቦለዶቻቸው መነሻ አድርገዋል።

በእነዚህ ምንጮች ውስጥ የእህቶች ጉዳይ ገናና ስፍራ ቢኖረውም፣ የሥጋ እህትነት በአብዛኛው የፉክክርና የበደል መድረክ ሆኖ ይታያል። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቻይናዊው ጸሐፊ ዱዋን ቼንግሺ የተመዘገበው የዬ ሺየን ተረት እናት የሞተችባትን ልጅ፣ የምትወደውን ዓሣ ያረደችባትን የእንጀራ እናትና ጠፍቶ የተገኘን የአንድ እግር ጫማ የሚተርክ ሲሆን፣ በጽሑፍ ከቆዩን የዚህ ዓይነት ተረቶች መካከል ከቀደምቶቹ የሚቆጠር ነው። የቬትናሙ የታምና የካም ተረት የእንጀራ እህቶችን ጠላትነት እስከ ሞትና ዳግም መወለድ ድረስ ይወስደዋል። የኮሪያው የጃንግህዋና የሆንግርዮን ታሪክ ግን ከዚህ ይለያል፤ በግፍ የሞቱት ሁለቱ እህትማማቾች ከሞት በኋላም ሳይለያዩ በሹሙ ፊት በመንፈስ ቆመው ፍትሕ ይጠይቃሉና። በቻይናው የነጭ እባብ አፈ ታሪክ ውስጥም ሴት ሆነው የሚኖሩት ነጯና አረንጓዴዋ እባብ የተሳሰሩት በልደት ሳይሆን በፈቃድ ነው።

ይህ በፈቃድ የሚገባ እህትነት በእስያ ከተረት ባሻገር በማኅበራዊ ሥርዓትም የታወቀ ነው። በሁናን ክፍለ ሀገር ጂያንግዮንግ በተባለው አውራጃ ሴቶች በመሐላ እህትማማች ይሆኑ፣ ኑሹ በተባለ ሴቶች ብቻ በሚጠቀሙበት ጽሕፈትም ይጻጻፉ ነበር። በጓንግዶንግ የሐር አምራች ወረዳዎች፣ በተለይም በሹንድ፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመንና በ20ኛው መጀመሪያ በሐር ፋብሪካ ሠርተው የሚያድሩ ሴቶች እንደ ባለትዳር ሴት ፀጉራቸውን በሥርዓት ጠቅልለው ላለማግባት ይምሉ፣ በአንድ ቤት ተሰባስበው ይኖሩ፣ በእርጅናም ይጧጧሩ ነበር። ከእስያ በሚቀዱ ምናባዊ ልቦለዶች ላይ ሊነሣ የሚገባው ዋና ትችት ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው፤ ልብሱን፣ ምግቡንና ዘንዶውን በልግስና የሚወስዱ ብዙ ሥራዎች ሴቶቹን ያስተሳሰረውን መሐላ፣ የመሐላውን ግዴታና የማፍረሱን ቅጣት ትተውት ያልፋሉ፤ በዚህም ምክንያት እህትማማችነቱ ስሜት ብቻ ሆኖ ይቀራል፣ ድግምቱም ደንብ ያጣል።

በኢትዮጵያ የዘርፉ ጥሬ ዕቃ ከብዙዎች ግምት በላይ የተደራጀ ነው። በ1908 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ልቦለድ፣ በኋላ ጦቢያ ተብሎ የታወቀው፣ የጠፋ መንትያ ወንድሟን ፍለጋ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር የምትወጣ ልጃገረድን ይተርካል፤ የአማርኛ ልቦለድ ሲጀምርም በአፍላ ዕድሜ ላይ ያለች እህት ጉዞ ይዞ እንደ ጀመረ ከዚህ ማስተዋል ይቻላል። ከዚያም አስቀድሞ ከባርነት ነጻ ወጥታ በምጽዋ አቅራቢያ በእምኩሉ የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማረችው አስቴር ጋኖ ከቃል ያሰባሰበቻቸውን የኦሮሞ ተረቶች፣ እንቆቅልሾች፣ ምሳሌያዊ ንግግሮችና ዘፈኖች በጽሑፍ አስፍራለች፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር ባዘጋጀችው፣ በ1894 እ.ኤ.አ. በታተመው የንባብ መማሪያ ውስጥ ገብተዋል። ጣሊያናዊው ምሁር ኤንሪኮ ቸሩሊ በ1922 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የኦሮሞ ሥነ ቃል ስብስብ ይበልጥ ቢጠቀስም፣ ቅድሚያው የአስቴር መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ከተረቱ ይልቅ ለእህትማማችነት ልቦለድ የሚበጀው ግን ሥርዓቱ ነው። በኦሮሞ ባህል ሲንቄ የሚባለው ቀጭን በትር ሴት ልጅ ስታገባ ከእናቷ የምትቀበለው ሲሆን፣ የያዙት ሴቶች በአንድነት የሚንቀሳቀሱበት ተቋምም በዚሁ ስም ይጠራል። ስምጥ ሸለቆውን በሚያዋስነው በአርሲ ይህ ተቋም ጎልቶ ይታወቃል። የወለደች ሴት ቀነፋ የተባለውን ምልክት ግንባሯ ላይ ባሰረችባቸው ወራት ባሏ ቢመታት፣ እሪታዋን የሰሙ የመንደሩ ሴቶች ሥራቸውን ጥለው፣ ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ በዳዩ ጥፋቱን አምኖ ካሳና ይቅርታ እስኪያቀርብም አይመለሱም። ሁለት ወገኖች ለጦርነት ሲሰለፉ ሲንቄ የያዙ ሴቶች በመካከል ከቆሙ ያንን መስመር መሻገር ነውር ነው። ሲንቄ የባለትዳር ሴቶች በመሆኑ፣ የአፍላ ወጣቶች ልቦለድ ባለታሪክ የምትቆመው ልክ ደጃፉ ላይ ነው፤ የእናቷ ጥበቃ ይደርሳታል፣ የራሷ በትር ግን ገና በእጇ የለም። በሰሜን ደግሞ በትግራይ አሸንዳ፣ በዋግ ሕምራ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ በሚባለው የነሐሴ በዓል ልጃገረዶች ቅጠል ወገባቸው ላይ አስረው በቡድን እየዘፈኑ በየቤቱ ይዞራሉ፤ ይህም ከጋብቻ በፊት ያለውን የእህትማማችነት ዘመን የሚያሳይ በመሆኑ የሲንቄን ጎደሎ ይሞላል።

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ዱከም ለዚህ ዳሰሳ የተለየ ትርጉም አላት። በአቅራቢያዋ የየረር ተራራ፣ ወደ ደቡብ አናቱ ላይ ሐይቅ የያዘውና የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም ያለበት የዝቋላ ተራራ፣ በቢሾፍቱም በየዓመቱ የኢሬቻ ምስጋና የሚከናወንበት የሆራ አርሰዲ ሐይቅ ይገኛሉ፤ ተራራና ውሃ ቅዱስ ሆነው የሚኖሩበት መልክዓ ምድር ምናባዊ ዓለም ለሚፈጥር ደራሲ የተዘጋጀ ነው። በዱከም ከተማ በቻይና ኩባንያ የተገነባው የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ይገኛል፤ በዞኑ በ2012 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረውን የሁዋጂያን ጫማ ፋብሪካ ጨምሮ በየፋብሪካው ከልዩ ልዩ አካባቢ የመጡ ወጣት ሴቶች ተቀጥረዋል። አንድ ክፍል ተከራይተው በደባልነት የሚኖሩ፣ ዕቁብ የሚጥሉ፣ አንዷ ስትታመም ሌላዋ የምታስታምም ሠራተኞች ኑሮ፣ የመሐላው ሥርዓት ባይኖረውም፣ ከሹንድ የሐር ሠራተኞች ኑሮ ጋር በእጅጉ ይቀራረባል። በጫማ ፋብሪካ መስመር ላይ የቆመች የሻደይ አገር ልጅና ከጓንግዶንግ የመጣ ተቆጣጣሪ፣ ሳያውቁት፣ የጠፋ ጫማንና የእህትማማች መሐላን ታሪክ በየልባቸው ይዘው ጎን ለጎን ሊውሉ ይችላሉ፤ የእስያና የኢትዮጵያ ሥነ ቃል በአንድ ልቦለድ እንዲገናኙ ለሚፈልግ ደራሲ ከዚህ የበለጠ አሳማኝ መድረክ ማግኘት ያስቸግራል።

በአሁኑ ዘመን ከኢትዮጵያ የተቀዳ ምናባዊ ታሪክ የመፍጠር ሙከራው በሥዕል ቀድሟል። ዊዝ ኪድስ ያዘጋጀው ጥበብ ገርልስ የተባለው የካርቱን ሥራ ልዩ ኃይል ያላቸው ልጃገረዶች በኅብረት ያለ ዕድሜ ጋብቻን የመሳሰሉ በደሎችን ሲታገሉ ያሳያል፤ ኢታን ኮሚክስም ሀዊ የተባለች ኢትዮጵያዊት ጀግና ፈጥሯል። በውጭ አገር ሎረን ብላክዉድ በ2021 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው ልቦለድ ከኢትዮጵያ በተቀዳ ምናባዊ ዓለም ውስጥ ክፉ መንፈስ የምታስወጣ ሴት ደብተራ አቁሟል፤ ሐሳቡ ደፋር ቢሆንም፣ ታሪኩ የተዋቀረው በእንግሊዛዊቷ ሻርሎት ብሮንቴ ልቦለድ አምሳል በመሆኑ ባለታሪኳን የሚይዛት ከሴቶች ጋር ያላት ቃል ኪዳን ሳይሆን ፍቅር ነው።

ለዱከም አንባቢ በሚሆን ረጅም ልቦለድ ላይ የሚጋረጠው ተግባራዊ ችግር የጽሕፈት ነው። የአስቴር ጋኖና የኦነሲሞስ መማሪያ የታተመው በግዕዝ ፊደል ሲሆን፣ አፋን ኦሮሞ ከ1991 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሚጻፈው ቁቤ በተባለው የላቲን ፊደል ነው፤ በመሆኑም በቁቤ ማንበብ የለመደች የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ በቋንቋዋ የተጻፈውን የ1894ቱን ተረት ገልጣ ማንበብ ሊቸግራት ይችላል። ተረቶቹን ወደ ቁቤ ገልብጦ ከአማርኛ ትርጉማቸው ጋር ጎን ለጎን ማሳተም፣ በየትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍትም ማስገባት፣ ከልቦለዱ በፊት ሊሠራ የሚገባውና ከልቦለዱ ያነሰ ወጪ የሚጠይቅ ሥራ ነው።