የምናውቀው ደራሲ ልባችንን ሲያንጠለጥል

ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ የሚያስጨንቀን ቀጥሎ የሚሆነውን ስለማናውቅ ነው ይባላል። ታዲያ የአንድን ደራሲ አራት አምስት መጻሕፍት አንብበን፣ አጻጻፉን ለይተን፣ ምን ዓይነት ሰው መሳል እንደሚወድ ካወቅን በኋላም አዲሱን መጽሐፉን ስንገልጥ እንቅልፍ የምናጣው ለምንድን ነው? ከአማርኛ ልቦለዶች ለዚህ ጥያቄ የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» ያህል ጥሩ መልስ የሚሰጥ አላውቅም።

መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ሲታተም በዓሉ ለአንባቢው እንግዳ አልነበረም። «ከአድማስ ባሻገር»፣ «የቀይ ኮከብ ጥሪ»፣ «ደራሲው» ቀድመው ከእጅ ወደ እጅ ዞረዋል። አንባቢው የጋዜጠኛ ብዕሩን ያውቀዋል፤ አጭር ዐረፍተ ነገር፣ ቶሎ ቶሎ የሚመላለስ ንግግር። ዋናው ገጸ ባሕርይ የተማረ፣ ሥራ ያለው፣ ከራሱ ጋር ግን ያልታረቀ ሰው እንደሚሆንም ይገምታል። ከልቦለዱ ስም ጀርባ በሕይወት ያለ ሰው መፈለግም ልማድ ሆኗል፤ የ«ደራሲው» ሲራክ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ነው ሲባል ኖሯል።

«ኦሮማይ» ይህንኑ ልማድ ወስዶ ወደ ጦርነትና ስለላ ያስገባዋል። ጊዜው ደርግ በኤርትራ በሻዕቢያ ላይ የከፈተው የ1974ቱ የቀይ ኮከብ ዘመቻ ነው። ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለማርያም እጮኛውን ሮማንን አዲስ አበባ ትቶ ለፕሮፓጋንዳ ሥራ አስመራ ይሄዳል፤ እዚያም ከፊያሜታ ጋር ይፋቀራል። በሌላ ወገን የሻዕቢያው ሰው ስዕላይ በራኺ በስውር ሥራውን ይሠራል። በዓሉ ራሱ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ባለሥልጣን ሆኖ ዘመቻውን በቅርብ አይቷል።

ጭንቀቱ የሚፈጠረው እንዲህ ነው። ሁለት ፍቅረኞች አንድ ጠረጴዛ ከበው ሲጫወቱ፣ በሌላ ልቦለድ ቢሆን ጨዋታቸውን ብቻ እንሰማ ነበር። በከተማው ሰላይ እንዳለ ካወቅን ግን አጠገባቸው ማን እንደተቀመጠ እናስባለን፤ አስተናጋጁን ሳይቀር እንጠረጥራለን። ደራሲው አንድም ጥይት ሳያስተኩስ ልባችንን ሰቅሎታል። አንባቢ ከገጸ ባሕርይው አንዲት ነገር አብልጦ ሲያውቅ ተራ ወሬ እንኳ ያስፈራል።

ዘመቻው የሻዕቢያን ምሽግ ናቅፋን መያዝ እንዳልቻለ ዛሬ ሁላችንም እናውቃለን። ቢሆንም መጽሐፉ አይቀዘቅዝም፤ ጥያቄው ከጦሩ ወደ ሰውየው ይዞራል። ፀጋዬ እምነቱን ይዞ ይመለሳል? ከሁለቱ ሴቶች የትኛዋን ይበድላል? የአጋታ ክሪስቲ አንባቢ መርማሪው ፖይሮ ገዳዩን እንደሚይዘው ተማምኖ ነው የሚያነበው። የበዓሉ አንባቢ እንዲህ ያለ ዋስትና የለውም። ደራሲውን ማወቁ ጭራሽ ስጋቱን ያባብሰዋል፤ በዓሉ ለሚወዳቸው ገጸ ባሕርያት እንኳ እንደማይራራ ያውቃልና።

በአቃቂ ቃሊቲ ለሚኖር አንባቢ ደግሞ የደራሲው የራሱ መጨረሻ ከቤቱ ደጃፍ ይደርሳል። መጽሐፉ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፣ ደራሲውም ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. አንድ ምሽት ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ቮልስዋገን መኪናው ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው መንገድ፣ ቃሊቲ አካባቢ ቆማ ተገኘች። ዛሬ ከባድ መኪናዎች ተሰልፈው የሚያልፉበት፣ የፋብሪካ ሠራተኛ ጠዋትና ማታ ታክሲ የሚጠብቅበት ያው አሮጌው መንገድ ነው። ገዳዮቹ እነማን እንደሆኑ፣ አስከሬኑም የት እንደወደቀ እስከ ዛሬ በፍርድ አልተረጋገጠም።

ይህ ታሪክ እንዳይረሳ እፈልጋለሁ። ነገር ግን ልቦለዱን እንዲውጠው አልፈልግም። ብዙ ሰው «ኦሮማይ»ን የሚያነበው «ይሄ እገሌ ነው፣ ያ ደግሞ እገሌ ነው» እያለ ነው፤ ሲጨርሰው የባለሥልጣናት ስም ይዞ ይቀራል፣ ፊያሜታን ግን ልብ አላላትም። በዓሉ ሕይወቱን አደጋ ላይ እስኪጥል ድረስ የደከመበት ሥራ ከዚህ የተሻለ አንባቢ ይገባዋል።

ስለዚህ በመጀመሪያው ንባብ ማን ማን እንደሆነ መፈለጉን ይተዉትና ፀጋዬን ብቻ ይከተሉ። መጨረሻውን ከማንም አይስሙ። ሁለተኛ ሲያነቡ ግን ወደ መጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ተመልሰው፣ እንደዋዛ ያለፉት ንግግር በኋላ ምን እንደሆነ ያመሳክሩ፤ የደራሲው ብልሃት የሚታየው እዚያ ነው። አማርኛ የማያነቡ ልጆች ውጭ አገር ካሉዎት፣ በዴቪድ ደጉስታና በመስፍን ፈለቀ ይርጉ የተሠራው የእንግሊዝኛ ትርጉም በ2017 ዓ.ም. ወጥቷል። በዓሉን ከዚህ በፊት ጨርሶ ካላነበቡት ግን በ«ከአድማስ ባሻገር» ይጀምሩ፤ ድምፁን ከለመዱት በኋላ ወደ «ኦሮማይ» ይምጡ።