«ማዳበሪያ» የተባለው ከረጢት፦ በምዕራብ ጎጃም የከረጢትና የስፌት ቃላት ላይ የቀረበ ማብራሪያ

በመዝገበ ቃላት ሥራ ላይ የቆየ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ችግር አለ፤ ይኸውም አንድ ቃል በመዝገብ ላይ አንድ ነገር ሲሆን በገበያ ላይ ሌላ ነገር ሆኖ መገኘቱ ነው። ከዓመታት በፊት ስለ ምዕራብ ጎጃም ገጠር የተዘጋጀ አንድ የእርሻ ጽሑፍ ወደ እንግሊዝኛ ስንመልስ «ሦስት ማዳበሪያ በቆሎ» የሚል ሐረግ አጋጠመንና ሦስት ጊዜ ማዳበሪያ የተደረገለት በቆሎ ብለን ተረጎምነው። ስሕተቱን ያረመልን የቡሬ ተወላጅ የሆነ የሥራ ባልደረባችን ነበር። ጽሑፉ የሚናገረው በሦስት ከረጢት ተሞልቶ ስለ ተቀመጠ በቆሎ እንጂ ስለ አፈር ማልሚያ አልነበረም።

ይህን የራሳችንን ስሕተት በመግቢያው ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል ድንጋጌ ያለበትን የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ካጸደቀ ወዲህ፣ በፌስታል ፈንታ በቤት ውስጥ በእጅ ወይም በመኪና ተሰፍቶ ደጋግሞ የሚያገለግል የጨርቅ መያዣ የብዙ ሰው ጉዳይ ሆኗል። ስለዚህ ዐይነቱ ስፌት የተጻፈ መምሪያ ከውጭ ቋንቋ የሚመልስ ተርጓሚ ግን ገና ከርእሱ ላይ ይቸገራል። የሚሰፋው ነገር ቦርሳ ነው ወይስ ከረጢት? ዘንቢል ነው ወይስ ኮሮጆ? ጫፉ ሲታጠፍ፣ ውስጡ ሲደረብ፣ ትከሻ ላይ የሚንጠለጠልበት ሲቀጠል ምን ይባላል? ብዙ ተርጓሚዎች ቃል የለም ብለው ወይ የውጭውን ቃል እንዳለ ያስገባሉ፤ ወይ ደግሞ አዲስ ቃል ይፈጥራሉ። እኛም ባንድ ወቅት «ጾረ» ከሚለው የግዕዝ ግስ «መጾር» የሚል ስም አውጥተን ለመያዣ ሁሉ ጠቅላላ መጠሪያ እንዲሆን ሐሳብ አቅርበን ነበር። ቃሉን ከኛ በቀር የተናገረው ሰው አልተገኘም።

ቃሉ ግን አለ። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ያለው አገር ይህን ለማስረዳት የተመቸ ነው። በዚያ አገር በቆሎውና በርበሬው፣ የሸማኔው ድርና ማግ፣ የሴቶቹ የሣር ስፌት፣ የልብስ ሰፊው መኪናና የፋብሪካው ከረጢት ባንድ የገበያ ቀን ባንድ ሜዳ ይገናኛሉ። ቡሬ ደግሞ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው መንገድ ወደ ነቀምቴ የሚገነጠልባት ከተማ ስለሆነች፣ ዕቃም ቃልም የሚያልፍባት በር ናት። ፍኖተ ሰላም ቀድሞ ወጀት ትባል ነበር፤ የዛሬ ስሟን ያገኘችው በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው። ለከተማ የግዕዝ ስም ከላይ ሊወጣላት ይችላል፤ ለከረጢት ግን ስም የሚያወጣለት የሚሸከመው ሰው ነው።

ከ«ማዳበሪያ» እንጀምር። ቃሉ «ዳበረ» ከሚለው ግስ በ«አዳበረ» በኩል የወጣ የመሣሪያ ስም ሲሆን፣ አፈርን የሚያዳብር ነገር ማለት ነው። የፋብሪካ ማዳበሪያ በኢትዮጵያ ገበሬ እጅ መግባት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ማብቂያ አካባቢ ነው። ከዚያ ወዲህ ዳፕና ዩሪያ፣ በኋላም ሌሎች ዐይነቶች፣ 50 ኪሎ በሚይዝ ከሰው ሠራሽ ጭረት በተሸመነ ከረጢት እየተሞሉ ገጠር ገቡ። ዱቄቱ በአንድ ክረምት አፈር ውስጥ ይጠፋል፤ ከረጢቱ ግን ለዓመታት ይቀራል። «የማዳበሪያ ከረጢት» የሚለው ሐረግ ሲደጋገም ዋናው ስም ወደቀና ዘርፉ ብቻ ቀረ፤ ቆይቶም «የ» ራሱ ወደቀ። (ዘርፍ የምንለው የሰዋስው ቃል በልብስ ጫፍ ከሚንጠለጠለው የክር ጉንጉን ጋር ስሙ አንድ መሆኑን እግረ መንገዳችንን እናስታውሳለን።) እንግዲህ ዛሬ «ባዶ ማዳበሪያ»፣ «የተቀደደ ማዳበሪያ»፣ «ማዳበሪያ ሙሉ በርበሬ» ሲባል ስለ ዱቄቱ የሚያስብ ሰው የለም። ጉዊዲ የአማርኛና የጣልያንኛ መዝገበ ቃላቱን በ1901 እ.ኤ.አ. በሮም ሲያሳትም ይህ ፍቺ ገና አልተወለደም ነበር፤ ከዚያ በኋላ የመዘገብን እኛ ግን ምክንያት የለንም።

ይህ የፍቺ ሽግግር እንግዳ ነገር አይደለም። በአማርኛ መያዣው መስፈሪያ፣ መስፈሪያውም መያዣ ሲሆን የኖረ ነው። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» በሚለው ተረት ዳውላ በአህያ ጀርባ የተጫነው ጭነት ነው፤ በእህል ገበያ ደግሞ መስፈሪያ ነው። ጆንያም ሁለት ጆንያ ጤፍ ሲባል እንደ መስፈሪያ ይቆጠራል። ስለዚህ «ሦስት ማዳበሪያ በቆሎ» የቆየውን መንገድ የተከተለ አነጋገር እንጂ የቋንቋ ብልሽት አይደለም። ተርጓሚ ሊጠነቀቅ የሚገባው ቁጥር ሲቀድመውና የእህል ስም ሲከተለው ነው፤ ያን ጊዜ ከረጢት እንጂ ሌላ ሊሆን አይችልም።

የከረጢት ስሞችን በጠቅላላው ስንመለከት ደግሞ የሚለያዩት በመጠን ብቻ ሳይሆን በተሠሩበት ነገርና አፋቸው በሚዘጋበት መንገድ ነው። ከሁሉ የሚቀድመው ያልተሰፋው ቋጠሮ ነው። ጨርቅ ተዘርግቶ፣ ዕቃ መካከሉ ተቀምጦ፣ ጫፍና ጫፉ ሲታሰር ቋጠሮ ይሆናል። ስንቅ «ይቋጠራል» የምንለው በአገልግል የተያዘ ቢሆንም እንኳ ከዚህ የተነሣ ነው፤ ቂምም የሚቋጠረው በዚሁ ጨርቅ ነው። ከቆዳ የሚሠሩት ስልቻ፣ ቀልቀሎና አቁማዳ ናቸው። «ስልቻ ቀልቀሎ፣ ቀልቀሎ ስልቻ» የሚለው አነጋገር ሁለቱ አንድ ናቸው የሚል ቢመስልም፣ ቀልቀሎ ከስልቻ የሚያንስ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ነው አነጋገሩን በሚገባ የሚረዳው፤ ልዩነት ያለ የሚመስላቸውን ነገሮች ልዩነት የላቸውም ለማለት የተነገረ ነውና። መዝገበ ቃላት አንዱን በሌላው ፈትቶ ካለፈ ተረቱንም ይገድለዋል። አኮፋዳ የቆሎ ተማሪ ቁራሽ የሚለምንበት፣ ከትከሻ የሚወርድ መያዣ ነው፤ የአብነት ትምህርት በጸናበት በጎጃም ይህን ቃል የማያውቅ የለም። ዘንቢል ከዐረብኛ፣ ቦርሳ ከጣልያንኛ፣ ሻንጣ ከቱርክ በዐረብኛ በኩል የመጡ ናቸው፤ ሦስቱም ዛሬ ማንም እንግዳ የማይላቸው ቃላት ናቸው።

ከእነዚህ አንዳንዶቹ ከገጠር ተነሥተው ቢሮ ገብተዋል። ማኅደር የብራና መጽሐፍ የሚከተትበት የቆዳ መያዣ ነው፤ ዛሬ በፍርድ ቤትና በመሥሪያ ቤት የጉዳይ ሰነድ ማጠራቀሚያ ስም ነው። ኮሮጆ የምርጫ ድምፅ መስጫ ሆኗል። ቋት የእህልና የዱቄት ማጠራቀሚያ ሳለ ዛሬ ኮምፒዩተር የሚያውቁ ወጣቶች «የመረጃ ቋት» ይላሉ። ከረጢትም በሕክምና መጻሕፍት «የሐሞት ከረጢት» ተብሎ ሰውነታችን ውስጥ ገብቷል። በቃላት ፍጠራ ከደከምንባቸው ብዙ ቃላት ይልቅ እነዚህ የጸኑት ተናጋሪው ዕቃውን አስቀድሞ በእጁ ስለሚያውቀው ይመስለናል።

ወደ ስፌቱ ስንመጣ የመጀመሪያው እንቅፋት «ስፌት» የሚለው ቃል ራሱ ነው። ባማርኛ «ሰፋ» ጨርቅንም ሣርንም ይይዛል። በመርፌና በክር ቀሚስ የሚሰፋው ልብስ ሰፊ፣ በወስፌ ስንደዶና አክርማ አያይዛ ሞሰብና ሰፌድ የምታወጣው ሴት፣ ሁለቱም ይሰፋሉ። ገጠር ውስጥ «ስፌት ይዛለች» ቢባል አድማጩ አስቀድሞ የሚያስበው ሣሩንና አለላውን ነው። ስለሆነም ተርጓሚው በርእሱ ላይ «ስፌት» ብቻ ብሎ ቢተው የምዕራብ ጎጃም አንባቢ የሣር ሥራ መምሪያ መስሎት ሊከፍተው ይችላል፤ «የጨርቅ ስፌት» ማለት ይገባዋል። ሁለቱ ስፌቶች የተገናኙበት አንድ ነገርም አለ፤ የማዳበሪያው ጭረት ተተርትሮ በአለላ ፈንታ ለሣር ስፌት ይውላል። ዱቄቱ ለማሳ፣ ከረጢቱ ለእህል፣ ጭረቱ ለሞሰብ መሆኑ ነው። ያልተተረተረውም ተቆርጦና ጠርዙ ተሰፍቶ የገበያ ዘንቢል ይወጣዋል።

«መኪና» የሚለውም እንዲሁ ሊያሳስት ይችላል። ከጣልያንኛ ሲገባ ማንኛውንም መሣሪያ ይጠራ ነበርና፣ ተሽከርካሪውን ብቻ ከያዘ በኋላም «የስፌት መኪና» እና «የጽሕፈት መኪና» በሚሉት ውስጥ የቀድሞ ፍቺው ተጠብቆ ቀርቷል። በገበያ በረንዳ ላይ «መኪናዬ ተበላሸች» የሚል ልብስ ሰፊ ስለ ምን እንደሚናገር ቦታው ይነግረናል፤ ጽሑፍ ግን ቦታ ስለሌለው ሙሉውን መጻፍ ያሻል።

ለክፍሎቹና ለአሠራሩ ስም አላጣንም። ውስጡን የሚደርበው ጨርቅ ገበር ነው። ጫፍ ታጥፎ ሲሰፋ ይቀመቀማል፤ የታጠፈው ቅምቅማት ይባላል። ጠርዙ በክር ሲያዝ ደግሞ ይዘመዘማል። በእጅ የሚያዝበት እጀታ፣ ከትከሻ የሚወርደው «አነገተ» ከሚለው ግስ ማንገቻ ነው፤ ተርጓሚዎች ለሁለቱም «ማንጠልጠያ» ማለታቸው ልዩነቱን ያጠፋዋል፤ ማንጠልጠያ ከግድግዳ ላይ የሚሰቀልበት ነውና። አፉን የሚሰበስበው ገመድ ማሰሪያ ነው።

ከሁሉ የበለጠ ባለጸግነት የሚታየው ግን ለትርፍ ጨርቅ ባሉን ቃላት ላይ ነው። ፈጣን የሆነ የጨርቅ ሥራ ሁሉ የሚነሣው ከልብስ ሰፊው እግር ሥር ከሚወድቀው ስለሆነ፣ የውጭ መምሪያ ባንድ ቃል የሚጠራውን እኛ ለይተን እናውቀዋለን። በመቀስ የተለየው ቁራጭ ነው። በእጅ የተቀደደና ትንሽ የሆነው ብጣሽ ነው። ከለበሱት በኋላ የተረፈው ያረጀ ጨርቅ እራፊ ሲሆን፣ በልብስነት ብዛት ሳስቶ ያለቀው እላቂ ነው። ከቁራጭ ከረጢት ይወጣል፤ ከእላቂ አይወጣም፣ ስፌቱን አይሸከምምና። ተርጓሚው «ቁርጥራጭ ጨርቅ» ብሎ ሁሉንም በጅምላ ሲያስገባ ሰፊዋ የምትፈልገውን ምክር ይነፍጋታል።

የተቀደደውን መልሶ በመርፌ መያዝ «ጠቀመ»፣ በላዩ ሌላ ጨርቅ መለጠፍ «ጣፈ» ነው። (ሰው በንግግሩ «ጻፈ» የሚለውንም «ጣፈ» እያለ ስለሚናገር ሁለቱ በድምፅ አንድ ይሆናሉ፤ ደራሲዎች ይታገሡን።) ልዩ ልዩ ቁራጮችን አጋጥሞ አንድ ጨርቅ ማድረግ «ደረተ» ሲሆን ውጤቱ ድሪቶ ነው። እዚህ ላይ ከባልደረቦቻችን ጋር አልተስማማንም። ድሪቶ የድኻ ልብስ ስም ነው፤ ያልተዋሐደ ጽሑፍንም ለመንቀፍ ይነገራል። በሌላው ዓለም ቁራጭ አጋጥሞ መስፋት የተከበረ ጥበብ ስለሆነ «ድሪቶ» ብለን ብንተረጉመው አንባቢው ይሸሸዋል የሚሉ አሉ። ሥጋታቸው እውነት ነው። እኛ ግን ግሱን «ደረተ»ን ለአሠራሩ ይዘን፣ ለውጤቱ «ግጥምጥም ስፌት» ብንል ይሻላል ባዮች ነን፤ ግሱን ከተውነው ሥራውን ራሱን የምንጠራበት አናገኝም።

ለደስታ ብሎ በትርፍ ጊዜ መስፋትን በሚመለከት ደግሞ ቋንቋችን ፊቱን ያኮሳትራል። «ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት» በሚል ሕዝብ ዘንድ ሥራ ያልሆነ ሥራ በቀላሉ ስም አያገኝም። «የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ» ትክክል ቢሆንም የቢሮ ሽታ አለው። ጥልፉን፣ ኪሮሹንና መርፌውን ባንድነት የሚይዝና ማንም የማያፍርበት ቃል «የእጅ ሥራ» ነው፤ ገቢ ያስገኝ አያስገኝ የሚል ጥያቄም አያስነሣም። ስለዚህ ለመምሪያዎች ርእስ የምንመርጠው እርሱን ነው።

ፌስታልን ለሚተካው የጨርቅ መያዣ በጠቅላላው «የጨርቅ ከረጢት»፣ አፉ ክፍት ሆኖ ሁለት እጀታ ላለውና ለገበያ ለሚውለው «የጨርቅ ዘንቢል» እንዲባል ሐሳብ እናቀርባለን። ቦርሳ ለሚዘጋውና ገንዘብና ወረቀት ለሚይዘው ቢቀር ይበቃዋል። ለመዝገበ ቃላቱ ቀጣይ እትም ደግሞ የሚከተለውን ረቂቅ ለአንባቢዎች አስተያየት እናቀርባለን፤

ማዳበሪያ፣ ስ.፣ (ከአዳበረ)። 1. አፈርን አዳብሮ ምርት የሚጨምር የተፈጥሮ ወይም የፋብሪካ ነገር። 2. የፋብሪካ ማዳበሪያ የሚመጣበት፣ ከሰው ሠራሽ ጭረት የተሸመነ ከረጢት፤ ባዶ ማዳበሪያ። 3. በዚህ ከረጢት የሚለካ መጠን፤ ሦስት ማዳበሪያ በቆሎ።