የሠርግ ሲዲዎን በየትኛው ፕሮግራም ይገልብጡት?

ቦሌም ይኑሩ ገርጂ ወይም ሲኤምሲ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ አንድ የሠርግ ሲዲ አይጠፋም። አሁን አሁን እየተንተከተከ ነው የሚያጫውተው አይደል? ቀለሙ ሳይደበዝዝ በቤትዎ ኮምፒውተር ሊገለብጡት ካሰቡ፣ መጀመሪያ ሲዲው ላይ ያለው ምን እንደሆነ ይዩ።

ሲዲ መረጃውን የሚይዘው 2,352 ባይት በሆኑ ክፍሎች ነው። ፎቶና ሰነድ ሲሆን 2,048ቱ ብቻ መረጃ ነው፤ ከቀሪው አብዛኛው ስሕተት ማረሚያ ነው። ትንሽ ቢጫር እንኳ ይነበባል። ሙዚቃና የድሮው ቪሲዲ ግን ይህ ተጨማሪ ማረሚያ የላቸውም፤ ቦታው ለድምፅና ለምስል ተሰጥቷል። የሠርግ ቪዲዮ ቶሎ የሚበላሸው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ለሙዚቃ ኤግዛክት ኦዲዮ ኮፒ ይሻላል። አንዱን ቦታ ደጋግሞ አንብቦ ያወዳድራል፤ ቀርፋፋ ነው፣ ይታገሡት። ለቪሲዲ ነፃውን ኢምግበርን ይጠቀሙ፤ ቅጂው ግን «ቢን» እና «ኪዩ» በሚባሉት ፋይሎች ይሁን። የተለመደው «አይኤስኦ» ከየክፍሉ 2,048 ባይት ብቻ ስለሚይዝ የቪሲዲ ምስል አይበቃውም። ፋይሉን እንዲሁ ጎትቶ ዴስክቶፕ ላይ መጣል ደግሞ ጭረት ካለ መሃል ላይ ያቆማል።

ባዶ ሲዲ ላይ ሲጽፉ መብራት ከሄደ ያ ሲዲ አበቃለት፤ ካቆመበት አይቀጥልም። ባትሪው የሞላ ላፕቶፕ ወይም ዩፒኤስ ይኑር። «ቬሪፋይ» የሚለውንም ምልክት ያድርጉበት፤ የተጻፈውን ከዋናው ጋር ያመሳክርልዎታል። አሮጌውን ሲዲ ፀሐይ የማያገኘው ቦታ ያቆዩት፣ አይጣሉት።